ጋሽ ፍሬንና አረንጓዴው መስመር

ጋሽ ፍሬን የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ከባለቤታቸው በቀር የሚጠራው የለም። ተማሪ መሪ በጨበጠ ቁጥር «ፍሬን! ፍሬኑን ያዝ!» እያሉ ሲጮኹ የሰማ አንድ ቀልደኛ ያወጣላቸው ስም በዚያው ጸደቀ። ከታክሲ ነጂ እስከ ባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ በከተማው መሪ የሚጨብጥ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ይመስላል። እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። መንገድ ላይ ክላክስ ተነፍቶላቸው እጃቸውን ከመስኮት አውጥተው ሰላምታ ሲመልሱ፣ ልጆቹን ድሮ እንዳሳደገ አባት ፊታቸው ይበራል።

እንግዲህ እኚህ ሰው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ዋናውን ጎዳና ሸንሽኖ አንዱን ረድፍ ለአውቶቡስ ብቻ፣ ዳሩን ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ለብስክሌት ሲሰጥ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ከገዛ ሳሎናቸው ተቆርሶ ለጎረቤት የተሰጠ ያህል ነው የተናደዱት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ያ ነገር ብቻውን እንደማይበቃ ሲነገረው የተዋረደ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ወደ ከተማው ዳር ይነዱ ነበር። የባለቤታቸው ታላቅ እህት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበር አልተነሡም። ባለቤታቸው በየቀኑ እህታቸው አጠገብ ቢሆኑ ደስ ባላቸው። ግን መኪና መንዳት አይችሉም፤ ጋሽ ፍሬንም ከተማሪ ነፃ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ነው። እህትየው ዘንድ የሚሄዱት ለጋሽ ፍሬን ሲመች ብቻ ነው።

«እዪው እንግዲህ!» ይሉ ነበር ጋሽ ፍሬን፣ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ባዶ መስመር! እኛ እዚህ ተጨናንቀን እንጋገራለን፣ እዚያ ማንም የለም። ይኼ የጤና ነው?»

ባለቤታቸው የአውቶቡስ መቆሚያውን በዓይናቸው ተከተሉ። 

የመንገድ መገናኛው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ፍሬን ፍሬቻ አበሩ፣ ስፖኪዮ አዩ፣ አንገታቸውን ዞር አድርገው ተመለከቱና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ያን ጊዜ ባለቤታቸው ጮኹ። ጋሽ ፍሬን ፍሬን ረገጡ። መኪናዋ ወደ ፊት ተደፍታ ቆመች። ከኮፈኑ ፊት፣ የብስክሌቷ ጎማ መኪናዋን ነክቶ፣ አንዲት ወጣት አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች።

«ልጄ! ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው?» አሉ ጋሽ ፍሬን መስኮቱን አውርደው። ድምፃቸው ግን የድንጋጤ እንጂ የቁጣ አልነበረም። 

ወጣቷ ሄልሜቷን አወለቀች። አስተውላ አየቻቸውና፣ የደነገጠው ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ጋሽ ፍሬን! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ተማሪዎ ነበርኩ። ፈተናውን ደጋግማ የወደቀችው!»

ባለቤታቸው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ከመኪናው ወርደው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ዳሰሷት። «የኔ ልጅ፣ አልተጎዳሽም? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ልቤ ብቻ ነው የወለቀው።»

የሁሉም ልብ እስኪመለስ ድረስ ጥግ ላይ ካለች ጭማቂ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ ፍሬን ለሦስቱም ጭማቂ አዘዙ። በኋላ ግን ድንጋጤው ሲለቃቸው፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ጥፋቱን የሚያሸክሙት ሌላ ነገር ፈለጉ።

«ይቅርታ ልጄ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ያመጣው ያ ቀለም ነው። ድሮ ይህ መንገድ ሰፊ ነበር። አሁን ማን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እስቲ ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን?»

«ካሰቡት አንዷ እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ አቀርቅራ ፈገግ እያለች። «የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው።»

ጋሽ ፍሬንን ጭማቂው ትን አላቸው። ባለቤታቸው ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጉ ሳቃቸውን ዋጡ።

«እንግዲያው ካገኘሁሽ አለቅሽም» አሉ ጋሽ ፍሬን ጉሮሯቸውን ጠርገው። «መንገዱን አነቃችሁት!»

«ድሮስ መቼ ይተነፍስ ነበር? ሲያስተምሩኝ ትዝ አይልዎትም? በመኪና ሰልፍ መሐል ፍሪሲዮን እንደረገጥኩ ነበር የምውለው። ሦስተኛ ማርሽ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅኩት ፈተና ሊደርስ ሲል ነው።»

«ታዲያ ማስፋት ነዋ!»

«አሰፋነው እኮ፣ ጋሼ። በአውቶቡስ ጣቢያው በኩል ያለውን ጎዳና አላሰፋንም? ስንት ቤት ፈረሰ፣ ስንት ዛፍ ተቆረጠ! ለጥቂት ጊዜ መኪናው ሽር አለ። ከዚያ ሰፋ ሲባል ሁሉም በዚያ መጣና ተመልሶ ሞላ። እንግዳ በበዛ ቁጥር ግድግዳ እያፈረስን መኖር አንችልም። አንድ አውቶቡስ የያዘው ሰው በየመኪናው ቢበተን ከዚህ ተነሥቶ ሆስፒታሉ በር ድረስ ይሰለፋል። ባዶ ነው ያሉት መስመር ባዶ የሚመስለው ስለማይቆም ነው። ከእርስዎ መስመር የሚበልጥ ሰው ያልፍበታል፤ ቶሎ ስለሚያልፍ አያዩትም።»

ጋሽ ፍሬን ወደ ሌላው ዞሩ። 

«እሺ አውቶቡሱስ ይሁን። ብስክሌቱ ምንድን ነው? ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው። ሱፍ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ቢታይ ምን ይባላል?»

«ሥራው ቦታ በሰዓቱ ደረሰ ይባላል።»

ባለቤታቸው አሁን ሳቃቸውን መዋጥ አልቻሉም።

«ዝናቡስ? ዳገቱስ?» አሉ ጋሽ ፍሬን እጅ መስጠት ሳይፈልጉ።

«አልዋሽዎትም፣ ዝናብ ይመታኛል። ዳገቱ ላይ ያልበኛል፤ አንዳንዴም ወርጄ እገፋለሁ። የባሰ ቀን አውቶቡስ እይዛለሁ። ሁሉም ሰው ብስክሌት ይንዳ አላልንም። መንዳት የፈለገ ሰው ሳይሞት ቤቱ ይግባ ነው ያልነው። ሌላም ልንገርዎት፤ ስንጀምር ተሳስተናል። ባለሱቆቹ ዕቃ የሚያወርዱበት ቦታ ሳናስቀርላቸው መስመሩን አሰመርን። ጮኹብን፣ ልክ ነበሩ። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚያወርዱበት ቦታ አላቸው። ይህ መገናኛም ይስተካከላል። መኪና ሲታጠፍ ብስክሌተኛው ፊት ለፊት እንዲታይ የብስክሌቱ መቆሚያ ከመኪናው ቀድሞ ወደ ፊት ይወጣል።»

ሰውን የሚያሳምነው አዋቂነት ብቻ አይደለም። ተሳስቻለሁ የሚል አዋቂ ከማይሳሳተው ይልቅ ይታመናል። ጋሽ ፍሬንም ክርክሩን ትተው ጭማቂያቸውን ጨረሱ።

በዚህ መሐል ባለቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «የኔ ልጅ፣ የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው? ጉልበቴ አይታጠፍልኝም።»

«ደረጃ የለውም፣ እማማ። መቆሚያውና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል እንደ መግባት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን አስጠየቀሽ?» አሉ ጋሽ ፍሬን ዞር ብለው። «እኔ እያለሁልሽ!»

ባለቤታቸው ብርጭቆውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። መሐንዲሷም የስልክ ቁጥሯን ትታላቸው ሄደች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪ ቀረና ጋሽ ፍሬን ወደ ቤታቸው ቀደም ብለው ተመለሱ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤት ጠየቁ፤ አላየንም አሏቸው። ስልክ ደወሉ፤ አይነሣም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ብቻቸውን የት ሊሄዱ ይችላሉ? መኪና አስነሥተው ሰፈሩን ዞሩ። ሆስፒታል ልሂድ ወይስ ፖሊስ ጣቢያ እያሉ ሲያወላውሉ፣ ባለቤታቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ለራሳቸው ፈገግ እያሉ ሲመጡ አዩ።

«የት ነበርሽ?»

«እህቴ ጋ።»

«በምን?»

«ቀስ እያልኩ ዋናው ጎዳና ድረስ ሄጄ፣ በአውቶቡስ ነዋ። ፀጉሯን አጠብኩላት። ሻይ አፍልቼ ጠጣን። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው ነው።»

ጋሽ ፍሬን ተከትለዋቸው ቤት ገቡ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው የመኪናቸውን ቁልፍ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «ምን አጎደልኩብሽ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ ነበረበት።

ባለቤታቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ምንም አላጎደልክብኝም። ያልኩህ ቦታ ሁሉ ወስደኸኛል፣ ሳትነጫነጭ ጠብቀኸኛል። ግን አስበው እስቲ። ከተጋባን ጀምሮ ከዚህ በር ስወጣ አንድም ቀን ሳልጠይቅ ወጥቼ አላውቅም። ይመችሃል ወይ? ደክሞሃል ወይ? ተማሪ አለህ ወይ? እህቴ እዚያ ማዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ እኔ እዚህ ያንተን ፊት አያለሁ። ዛሬ ማንንም አላየሁም። ተነሣሁና ሄድኩ። ደስታዬን አንተን እንደ መናቅ አትተርጉምብኝ።»

ጋሽ ፍሬን አቀረቀሩ። ባለቤታቸው እጃቸውን ያዝ አድርገው ጨመሩ።

«ሌላም ነገር አለ። ያን ቀን ልጅቷን አላየሃትም።»

«ዞሬ ነበር። ፍሬቻ አብርቼ፣ ስፖኪዮ አይቼ...»

«ዞረህ ነበር። እኔም አይቼሃለሁ። ዞረህ፣ እያየሃት ነው ያላየሃት።»

ይህ ቃል ከማዘጋጃ ቤቱ ክርክር ሁሉ ይልቅ ጋሽ ፍሬንን ዘልቆ ገባቸው። ሲመሽ የመኪና መብራት እየተበተነ እንደሚያስቸግራቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለራሳቸውም እንኳ። በማግሥቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ በቀዶ ጥገና እንደሚድን፣ እስከዚያ ድረስ ግን መሪ እንዳይጨብጡ ነገራቸው። እንግዲህ አስተማሪው ያለ መኪና ቀሩ። ለተማሪዎቻቸው ሌላ አስተማሪ ተኩ። ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል ሲንጎራደዱ ባለቤታቸው ታገሡ። በኋላ ወንበሩን ከመንገዳቸው አንሥተው፣ «በል ለዚያች ልጅ ደውልና የሠራችውን አሳይኝ በላት» አሏቸው።

መሐንዲሷ መቆሚያው ላይ ጠበቀቻቸው። አውቶቡሱ መጥቶ ከመቆሚያው ጋር ገጠመ፤ ጋሽ ፍሬን እግራቸውን ለደረጃ ከፍ አድርገው ደረጃ ስላጡ ሊሰናከሉ ነበር። ውስጡ ንጹሕ ነው። አንዲት ነርስ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ታንቀላፋለች፤ ተማሪዎች ይንጫጫሉ፤ ሁለት አዛውንቶች ስለ ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ። በስተግራ በኩል የመኪናው ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። ጋሽ ፍሬን መስኮቱን ተደግፈው ቁልቁል አዩት። በየመኪናው አንዳንድ ሰው፤ ሁሉም ፊቱ የተቋጠረ። ከመካከላቸው ስንቱን ራሳቸው አስተምረው ይሆን?

«እኔም እንደዚህ ነበር የምመስለው?» አሉ።

«እርስዎስ ክላክስም ይነፋሉ» አለች መሐንዲሷ።

ሁለተኛው መቆሚያ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ጎማዎቹን በገዛ እጁ እየገፋ ገባ፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የተተወው ቦታ ላይ ቆመና ጋዜጣውን ዘረጋ። ማንም አልተሸከመውም። ማንም ከንፈር አልመጠጠለትም። ጋሽ ፍሬን ዓይናቸውን ከሰውዬው መንቀል አቃታቸው።

የሚወርዱበት ሲቃረብ በልማድ፣ አውቶቡሱን በሚሞላ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ነርሷ ከእንቅልፏ ባነነች። አንዷ ተማሪ እየሳቀች ምሰሶው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ጠቆመቻቸው፤ ጋሽ ፍሬን እሱን ተጫኑና ራሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወርደው በአረንጓዴው መስመር ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብስክሌቶች ሽው እያሉ ያልፋሉ። አንዱ አባት ሕፃን ከፊቱ አስቀምጦ፣ አንዷ አትክልት በቅርጫት ጭና፣ አንዱም ሱፍ ለብሶ።

«ልጄ፣ አሁን ዓይኔ ስላየው አልክድም» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ያማረ ሥራ ነው የሠራችሁት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንደ አባትሽ መልሽልኝ። ሁሉም አውቶቡስና ብስክሌት ከያዘ፣ ማን መንዳት ይማራል? እኔስ ምን ልሁን? እንጀራዬ እኮ ነው።»

መሐንዲሷ ወደ እሳቸው ዞረች። ጥያቄው የክርክር እንዳልሆነ ገብቷታል።

«መኪና አይጠፋም፣ ጋሼ። ዕቃ የሚጭን፣ ሕመምተኛ የሚያመላልስ፣ ሩቅ የሚሄድ አለ። የሚቀንሰው ለሁለት መንደር መንገድ ሞተር የሚያስነሣው ነው። አሁን ደግሞ ከመቼውም ይልቅ የሚፈለገው መንገድን ከሰው ጋር የሚጋራ ሾፌር ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሾፌር ፈልጎ አያገኝም። መስመሩን ሠራን፤ የመኪናውን በር ሳያይ ከፍቶ ብስክሌተኛ የሚጥል ሰው ግን በቀለም አይታረምም። እርስዎ ይረዱናል?»

ጋሽ ፍሬን እጃቸውን አዩ። መሪ ላይ የኖረ እጅ ነው። «በሩን ከበሩ በራቀው እጅ መክፈት» አሉ ቀስ ብለው፣ እያሰቡ። «ያን ጊዜ ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይዞራል። ሲዞር ያያል።» ከዚያ ቀና አሉ። «ዓይኔ ይዳን እንጂ፣ አስተምራለሁ።»

ዓይናቸው ዳነ። የቀን ትምህርታቸውን እንደገና ጀመሩ፤ በሩን በራቀው እጅ ያልከፈተ ተማሪ ደግሞ እስኪለምድ ድረስ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ሲመሽ መኪናቸውን ደጃቸው ላይ አቁመው፣ የትም መሄድ ካለባቸው አውቶቡስ ይይዛሉ።

በዚህ መሐል ማዘጋጃ ቤቱ መስመሩን በእሳቸው ሰፈር በኩል ሊያሳልፍ አሰበና ነዋሪውን ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በየደጁ የሚቆመው መኪና ሊነሣ ነው ተብሏልና ሰው ሁሉ ግሏል። የጋራዡ ባለቤት ተነሥቶ፣ «ይህ ሰፈር መኪና አክባሪ ሰፈር ነው! ጋሽ ፍሬን ይናገሩልን!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጋሽ ፍሬን ተነሡ። መሐንዲሷ ከመድረኩ ላይ ሆና በጭንቀት ታያቸዋለች።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «እኔ ከእናንተ ብዙዎቻችሁን መንዳት አስተምሬአለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ብናገር መኪና ጠልቶ ነው እንደማትሉኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ አሁን ደስ ባላት ሰዓት እህቷን ትጠይቃለች። ይመችሃል ወይ ብላ እኔን አትጠይቅም። መጀመሪያ ከፋኝ፤ አሁን ግን ቤት ስትገባ የምትነግረኝ ወሬ አላት፤ ድሮ ወሬ የማመጣው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ጠዋት ጠዋት ትጣላላችሁ፤ አይቻለሁ። መስመሩ ሲመጣ ራሳቸው ይሄዳሉ። ለነዳጅ የምታወጡት ገንዘብ ለቤታችሁ ይተርፋል። ጭሱ ሲቀንስ ደረታችሁ ይቀለዋል። አምቡላንስ ሲመጣ በአውቶቡሱ መስመር ሽው ብሎ ያልፋል፤ ዛሬ እዚህ ሰፈር አንድ ሰው ቢታመም በየትኛው መንገድ ነው የሚወጣው? ለጋራዥህም አትስጋ» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፤ «ብስክሌትም ይበላሻል።»

አዳራሹ ሳቀ። የጋራዡ ባለቤት ግን አልሳቀም። «እርስዎ ከደጅዎ መኪናዎን ያነሣሉ?» አለ።

«ነገ ጠዋት።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ሁሉም በአንድ ቀን አልተስማማም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ንግግር አያልቅም። ስብሰባው ተደጋገመ፣ የዕቃ ማውረጃው ቦታ ተነጋግሮ ተወሰነ፣ የአንዳንዱም ደጅ እንደገና ተለካ። መንገዱ ግን ተሠራ። የጋራዡ ባለቤትም ከበሩ በስተቀኝ የጎማ መንፊያ አቁሞ የብስክሌት ጥገና ጀምሯል፤ ያኔ ያለውን ሲያስታውሱት «እኔ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት» ይላል።

አዲሱ አውቶቡስ በሰፈሩ ሥራ የጀመረ ቀን ጋሽ ፍሬንና ባለቤታቸው መቆሚያው ላይ ቆመው ነበር። አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። የባለቤታቸው ታላቅ እህት በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ፣ ያማረ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የገዛ ጎማቸውን በገዛ እጃቸው ገፍተው ወጡ። ከወደቁ ወዲህ የእህታቸውን ቤት አይተውት አያውቁም። ባለቤታቸው ፈጠን ብለው ሄደው ወንበሩን ሊገፉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተይ» አሉ እህታቸው። «መንገዱን ብቻ አሳዩኝ።»